ብርዱ ነው ወይስ ካምቢዮው?

ናይሮቢ የሚለው ስም ከማሳይ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን፥ ትርጓሜውም ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው። ከተማይቱ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1899 ዓ.ም. የምድር ባቡር ሠራተኞች በሰፈሩበት ረግረግ ሜዳ ላይ የተቈረቈረች ናት። ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ ጥቂት ብቻ ራቅ ብላ ብትገኝም፥ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ የአፍሪቃን ሐሩር ብቻ ሰምቶ የሚመጣ እንግዳ በሰኔና በሐምሌ ማለዳ ሲደርስባት ካፖርቱን ትቶ በመምጣቱ ይጸጸታል። እኛም በሐምሌ ወር በደረስን ጊዜ ከተጸጸቱት መካከል ነበርን። ፀሐይ እስከ ረፋድ ድረስ አትታይም፤ ሰማዩ እንደ ዐመድ ነው፤ ካፊያ እንጂ ዝናብ የማይባል ነገር ሌሊቱን ሲንጠባጠብ ያድራል።

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምንጽፈው ግን ይህ ብርድ ያዘው ስለ ተባለ የአውቶሞቢል ማርሽ ነው። መኪና የሌላችሁ ይህን ገጽ አትለፉት። የማያውቁትን ሥራ ለሌላ ሰው ሰጥቶ፥ የተጠየቀውንም ዋጋ ያለ ጥያቄ ከፍሎ የሚመለስ ሰው ሁሉ ጕዳዩ ይመለከተዋል።

ያረፍንባቸው ዘመዳችን ወይዘሮ በከተማይቱ ምዕራብ በዳጎሬቲ በኩል የሚኖሩ፥ አንዲት ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ታታሪ ሴት ናቸው። መተዳደሪያቸው እንጀራ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥተው ምጣዱን ያሰማሉ፤ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን እንጀራውን በካርቶን ደርድረው፥ በአሮጌዪቱ ቶዮታ ኮሮላቸው ጭነው፥ ወደ ኸርሊንግሃምና ወደ ኢስሊ ምግብ ቤቶች ያደርሳሉ። ቍርስ ሳይደርስ ካልደረሱ እንጀራው ይመለሳል፤ የተመለሰ እንጀራ ደግሞ ዕዳ ነው።

መኪናዪቱ ከሰኔ መግቢያ ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። ማለዳ ሲያስነሧት አንደኛ ማርሽ አልገባም ይላል፤ ሁለተኛውም ከብዶ፥ አንዳንድ ጊዜም አጓርቶ ይገባል። ረፋዱ ላይ ግን ምንም እንዳልነበረባት ትሆናለች። አንድ ቀን ጎሕ ሳይቀድ በአንድ ዳገት ላይ ቆመው ኑሮ፥ አንደኛ ማርሽ እንቢ ብሏቸው መኪናዪቱ ወደ ኋላ ስትንሸራተት፥ ሰው የሞላው ማታቱ ከኋላቸው ክንድ በማትሞላ ርቀት ጥሩምባውን እየነፋ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ መሪውን በያዙ ቍጥር እጃቸው እንደሚንቀጠቀጥ ነገሩን።

መኪናዪቱን የተመለከተላቸው አንድ ጋራዥ የሰጠው ፍርድ አጭር ነበር። «ካምቢዮው አልቋል፤ ከጃፓን የመጣ ያገለገለ ካምቢዮ ይገዛ፤ ይለወጥ» የሚል ነው። የተጠየቀው ዋጋ ልጃቸው ለሚመጣው የትምህርት ወቅት ከምትከፍለው ጋር እኩል ሆነ። በኬንያ የትምህርት ዓመቱ በሦስት ወቅቶች የተከፈለ ስለ ሆነና ክፍያውም በየወቅቱ መግቢያ ስለሚጠየቅ፥ ገንዘቡ በወይዘሮዋ እጅ ተዘጋጅቶ ነበር። ከሁለቱ አንዱ መቅረት አለበት፤ መኪናዪቱ ካልሠራች ደግሞ ሁለቱም ይቀራሉ። ማታ እራት ላይ ይህንኑ አጫውተውን «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ሲሉ፥ እኛ ምን እንላለን? ለጋዜጣ መጻፍ ማርሽ አያስገባም። ነገር ግን ልጃቸውን ለመጠየቅ ከአዲስ አበባ የመጡ፥ በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የነዱ አንድ አዛውንት በሰፈሩ እንዳሉ ሰምተን ስለ ነበር፥ በማግስቱ ሄደን ለመንናቸው።

አዛውንቱ መጥተው መኪናዪቱን ከመንካታቸው በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጠው ጥያቄ ጀመሩ።

«መቼ መቼ ነው የሚይዝሽ ልጄ?»

«ማለዳ ነው አባባ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይሻላታል።»

«ጋራዥ የወሰድሻት በስንት ሰዓት ነው?»

«እንጀራውን አድርሼ ስመለስ ነው። አራት ሰዓት ሳይሆን አይቀርም።»

«እንግዲያማ ያዩልሽ ደኅናዪቱን መኪና ነው» አሉና ሣቁ።

ነገሩ ቀላል መስሎ ታይቶን ነበር፤ ዳሩ ግን የጕዳዩ ሥር እዚያው ላይ ነበረ። በብርድ የሚይዝ ማርሽ ከሞቀ በኋላ ቢመረመር የሚናገረው ነገር የለም። ሌሊት የሚያተኵሰው በሽተኛ ቀን ላብ ጠርጎ ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ሐኪሙ ምን ያያል? ስለዚህ አዛውንቱ መኪናዪቱ በደጅ እንድታድር፥ በማለዳም እሳቸው ሳይደርሱ ማንም እንዳያስነሣት አዝዘው ሄዱ። ሲሄዱም «ብርድ ማርሽ አያበላሽም፤ የተበላሸውን ያሳብቃል እንጂ» አሉ።

ይህን አነጋገራቸውን ሌሊቱን አሰላሰልነው። በእውነቱም የናይሮቢ ብርድ ስንት ነው? በሐምሌ ማለዳ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከናይሮቢ 500 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቷ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። የመኪና ዘይት ሠሪዎች ደግሞ ዘይታቸውን የሚፈትኑት ከዚህ እጅግ በከፋ ብርድ ነው። በጣሳው ላይ 75 ደብሊዩ ተብሎ የተጻፈበት የካምቢዮ ዘይት ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ፥ 80 ደብሊዩ የተባለው ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ፥ 85 ደብሊዩ የተባለው ከዜሮ በታች በ12 ዲግሪ ሊፈስ የሚገባው ፍሰት ተወስኖለታል። ደብሊዩ የምትለዋ ፊደል በእንግሊዝኛ ክረምት የሚለው ቃል መነሻ ናት። ብርድ ብቻውን ማርሽ የሚያስር ቢሆን ኑሮ በኅዳር ወር የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ መኪና ባልተገኘም ነበር።

በማግስቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት አዛውንቱ ጋቢያቸውን ደርበው ደረሱ። በኬንያ መንገድ በግራ ስለሚነዳና መሪው በቀኝ በኩል ስለ ሆነ፥ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጡ ቀኝ እጃቸው ማርሹን ሲፈልግ ከበሩ ጋር ተጋጨ። «ዕድሜ ልክ የለመደ እጅ» ብለው አጕረመረሙና በግራቸው ጨበጡት።

ሞተሩ ሳይነሣ፥ ፍሪሲዮኑን ረግጠው ማርሹን ከአንደኛ እስከ አምስተኛ፥ ከዚያም ወደ ኋላ ማርሽ ቀስ እያሉ አስገቡት፤ አወጡት። እንዲህ ያለችው ኮሮላ ከማርሽ ዘንግ ወደ ካምቢዮ የሚሄዱ ሁለት ካቮዎች አሏት። አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፥ ሁለተኛው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለውን እንቅስቃሴ ያደርሳል። የካቮው ልባስ ተሰንጥቆ ውሃ ከገባበት ውስጡ ይዝጋል፤ አሮጌው ግራሶም በብርድ እንደ ሰም ይደርቃል። ማርሹ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ከከበደ፥ በተለይም ወደ ጎን አልሄድ ካለ፥ ካምቢዮውን ከመክሰስ በፊት ካቮዎቹን ነቅሎ በእጅ መሳብ ይገባል። የወይዘሮዋ መኪና ግን ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ጥቂት ከበድ ይበል እንጂ በሁሉም ቦታ ገባ። «ካቮው ነጻ ነው» አሉ አዛውንቱ፥ ዳኛ እንደሚፈርድ።

ሞተሩ ተነሣ። አሁን አንደኛ ማርሽ ሊያስገቡ ሲሞክሩ እንቢ አለ። አዛውንቱም አላስገደዱትም። ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠው በልባቸው እስከ ዐሥር ቈጠሩና ኋላ ማርሽን ነኩ፤ ሳያጓራ ገባ። መኪናዪቱም ፍሪሲዮኑ እንደ ተረገጠ ወደ ኋላ አልተንቀሳቀሰችም። ይህ ለምን እንደሚደረግ ጠየቅናቸው። ኋላ ማርሽ በብዙ መኪናዎች ላይ ፍጥነት የሚያስተካክል ቀለበት የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮኑ ሞተሩን ከካምቢዮ በሚገባ ካልለየ ረጅም ጊዜ ቢጠበቅም ጥርሶቹ ሲፋጩ ይሰማሉ፤ መኪናዪቱም ትሳባለች። ያን ጊዜ ጥፋቱ ካምቢዮው ውስጥ አይደለም፤ የፍሪሲዮኑ ዘይት ጐድሏል፥ ወይም ቧንቧው ውስጥ አየር ገብቷል፥ ወይም ዘይቱን የምትገፋው ትንሽ ፓምፕ ጐማዋ አርጅቶ ታፈስሳለች። ለዚህ ሌላም ምልክት አለው። ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡት ማርሹ የሚቀልል ከሆነ ነገሩ እዚያው ነው። በእኛዪቱ መኪና ይህም አልታየም። የዘይቱ ዕቃ ሙሉ ነበር፤ ከፔዳሉ ሥር እርጥበት አልተገኘም።

ቀረ እንግዲህ ካምቢዮው ራሱና በውስጡ ያለው ዘይት። ወይዘሮዋ «ታዲያ እኮ ጋራዡም ካምቢዮው ነው ብሎ ነበር» ብለው ተስፋ ቈረጡ። አዛውንቱ ግን ገና አልጨረሱም ነበር።

የካምቢዮን ጠባይ ለማያውቁ አንባቢዎቻችን እንደ ገባን እንናገር። በቅሎ ቆማ ሳለች መጫን ለማንም ቀላል ነው። በሶምሶማ እየሄደች ሊፈናጠጥ የሚፈልግ ሰው ግን አስቀድሞ እንደ እርሷ ፍጥነት አብሯት መሮጥ አለበት፤ አለዚያ ይወድቃል። በካምቢዮ ውስጥም የሚሽከረከሩ ጥርሶች እርስ በርሳቸው ከመያያዛቸው በፊት ፍጥነታቸው መስተካከል አለበት። ይህን የሚያደርገው ከነሐስ የተሠራ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በጥርሱ ጎን ካለው ሾጣጣ ብረት ጋር እየተፋተገ ያዘገየዋል ወይም ያፈጥነዋል፤ እኩል ሲሆኑ መንገዱን ይከፍታል፤ እኩል እስኪሆኑ ግን እንደ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ማርሹን አያሳልፍም። ይህን ብልኀት መጀመሪያ በ1928 በአሜሪካ የተሠራው ካዲላክ ይዞት ወጣ። አዛውንቱ በወጣትነታቸው በነዷቸው ከባድ መኪናዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ዘበኛ አልነበረም። ሾፌሩ ራሱ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፥ በመካከሉ ዜሮ ላይ ነዳጅ እየሰጠ፥ በጆሮው ፍጥነቱን ያስተካክል ነበር። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር ብርድ ሌሊት እንዲህ እያደረጉ ማለፋቸውን ሲተርኩ፥ ረዳቶች በደብረ ብርሃን ከካምቢዮው ሥር ከሰል ያነድዱ እንደ ነበርም ጨምረው ነገሩን፤ «አታድርጉት፤ እኛ ብዙ ሞኝነት ሠርተን ነው የኖርነው» አሉ።

እንግዲህ ያ የነሐስ ቀለበት ሥራውን የሚሠራው በመፋተግ ነው። ለመፋተግም በሁለቱ መካከል ያለው ዘይት በቅጽበት ገለል ማለት አለበት። ዘይቱ ወፍራም ከሆነ ገለል አይልም። በሐምሌ ማር ከጋን ሲቀዳ ያየች እመቤት ይህን ከመካኒክ ይልቅ ታውቀዋለች። ቀለበቱ በወፍራሙ ዘይት ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም፤ ፍጥነቱ አይስተካከልም፤ ዘበኛውም በሩን አይከፍትም። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ማርሹም ይገባል። የወይዘሮዋ መኪና ዐሥር ደቂቃ ያህል ከተነዳች በኋላ በሁሉም ማርሽ ስትቀልል ያየነው ይህንኑ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ የገባበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ የሚሽከረከር ነገር ካልኖረ ቀለበቱ የሚያዘገየው የለውም።

«ዘይቱን ማን ቀየረልሽ?» አሉ አዛውንቱ።

ወይዘሮዋ አሰቡ። ከፋሲካ በፊት መኪናዪቱ ስትሄድ ታፏጭ ስለ ነበር፥ አንድ ሠራተኛ «ዘይት ነው የጐደላት» ብሎ እንደ ቀየረላቸውና ፉጨቱም ወዲያው እንደ ጠፋ አስታወሱ። አዛውንቱም ፊታቸው በራ፤ «አገኘነው መሰለኝ» አሉ።

ናይሮቢ ለመኪና ሕክምና የታወቀ ሰፈር አላት። ቀድሞ ግሮጋን መንገድ ይባል የነበረው የዛሬው ኪሪኛጋ መንገድ ከዳር እስከ ዳር መለዋወጫ ነው። የኬንያ ሕግ ከ8 ዓመት በላይ የቈየ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ይከለክላል፤ ከገባ በኋላ ግን ዕድሜውን የሚጠይቀው ስለሌለ፥ ያረጀው ሁሉ ወደዚያ ሰፈር ይሄዳል። በአደባባይ የሚሠሩትን የእጅ ባለ ሙያዎች ጁዋ ካሊ ይሏቸዋል፤ በስዋሂሊ ብርቱ ፀሐይ ማለት ነው፤ ጣራ ሳይኖራቸው በፀሐይ ስለሚሠሩ ነው። በዚያ የሐምሌ ካፊያ ውስጥ እጆቹን እያሟሸ የተቀበለን ወጣት ግን በስሙ ሲቀልድ «ዛሬ ጁዋ የለም» አለን። በዚህች ከተማ የመካኒክ ክብር ትንሽ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪቃ ሳፋሪ የተባለውን ብርቱ የመኪና እሽቅድምድም ያሸነፈው ጆጊንደር ሲንግ መካኒክ ነበር፤ ከወንድሙ ከጃስዋንት ጋር ያሸነፈባትም ቮልቮ ቀድሞ ሌሎች የነዷት፥ ያገለገለች መኪና ነበረች። ይህን የምናነሣው አሮጌ መኪና ሁሉ የሚጣል እንዳይመስል ነው።

ወጣቱ ፉንዲ ሥራውን ሲጀምር አዛውንቱ አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጡት። የታችኛውን ቡሎን ሊፈታ ሲል «መጀመሪያ የላይኛውን» አሉት፤ ወይዘሮዋም በስዋሂሊ ተረጐሙ። ከላይ ያለው ዘይት የሚሞላበት ነው። የታችኛውን ፈትቶ ዘይቱን ካፈሰሰ በኋላ የላይኛው ዝጎ አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራል። ወጣቱ ሣቀና ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ጊዜ ደርሶበት ነበር መሰለን። ዘይቱ በደንብ እንዲፈስስና ቆሻሻውንም ይዞ እንዲወጣ መኪናዪቱ ከቤት ተነድታ ሞቃ ነበር የመጣችው። እንዲያም ሆኖ ዘይቱ ሲወርድ እንደ ገመድ ተሸርቦ ነው። ጣሳ ውስጥ ተቀድቶ ጥቂት ሲቀዘቅዝ፥ አዛውንቱ በእንጨት አንሥተው ለወይዘሮዋ አሳዩአቸው። «ይህ ለከባድ መኪና ዲፈረንሲያል የሚሆን ዘይት ነው ልጄ። 140 ነው። ያንቺዪቱ የምትፈልገው 90 ነው።»

ቍጥሮቹ በሞቀ ጊዜ ያለውን ውፍረት ይናገራሉ። በ100 ዲግሪ ሙቀት ሲለካ የ140ው ዘይት ከ90ው እጥፍ ለመድረስ ጥቂት ይቀረዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ልዩነቱ እየሰፋ ይሄዳል። ያ ሠራተኛ ይህን ዘይት የጨመረው በስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። ወፍራም ዘይት ያረጀ ኩሽኔታን ድምፅ ይሸፍናል። ሕመምተኛውን ሳያድኑ ማስታገሻ እንደ መስጠት ነው፤ ደንበኛው ፉጨቱ ጠፋልኝ ብሎ ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። የፋሲካ ሰሞን ሙቀት ስለ ሆነ ጕዳቱ አልታየም፤ ብርዱ ሲመጣ ግን ምስጢሩ ወጣ። በኋላም ሌላው ጋራዥ ዘይቱን ሳያይ ካምቢዮው ይለወጥ አለ። ሁለቱም ክፉ ሰዎች ናቸው ብለን አናምንም፤ አንዱም ግን በማለዳ አልመጣም።

ከታችኛው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት አለ። አዛውንቱ በጣታቸው ሲጠርጉት እንደ ጭቃ የላመ ጥቁር ብረት ወጣ። ይህ ካረጀ ካምቢዮ የሚጠበቅ ስለ ሆነ አያስደነግጥም፤ የሚያስደነግጠው የጥርስ ስባሪ ቢገኝ ነበር፤ አልተገኘም። በዘይቱ ውስጥ ግን በፀሐይ ብርሃን ሲያዩት ወርቅ የመሰለ ብልጭታ ነበረበት። የነሐሱ ቀለበት መበላት ጀምሯል ማለት ነው። «ማርሹን በጕልበት ስታስገቢው ነበር አይደል?» ቢሏቸው ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፉ። የዘበኛውን በር በኀይል የሚገፋ ሰው ዘበኛውን ያቈስላል።

አዲሱ ዘይት 75 ደብሊዩ 90 የተባለው ነው፤ የገባውም ሁለት ሊትር ያህል ሲሆን ከላይኛው ቀዳዳ መንጠባጠብ እስኪጀምር ተሞላ። ዘይቱን ስንገዛ ባለ ሱቁ ጂ ኤል 4 እና ጂ ኤል 5 የተባሉ ሁለት ዓይነቶች አቀረበልን፤ አዛውንቱም የፊተኛውን መረጡ። ጂ ኤል 5 ለዲፈረንሲያል ጥርስ የተዘጋጀ፥ ድኝና ፎስፎር የበዛበት ነው። ቀለበቱን አለመጠን ሊያንሸራትት፥ አንዳንዱም ነሐሱን ሊበላ ይችላል። ሆኖም ሁለቱንም የሚፈቅዱ ካምቢዮዎች አሉና፥ ከሁሉ የሚሻለው ከመኪናው ጋር የመጣውን መጽሐፍ ማየት ነው። ወይዘሮዋ መጽሐፉ ነበራቸው፤ በጃፓንኛ ነው እንጂ!

በዚያው ሱቅ አንድ ሰው ወፍራሙን ዘይት በነጭ ጋዝ ማቅጠን እንደሚቻል በርኅራኄ መከረን፤ ዋጋውም የማይታመን ርካሽ ነበር። ይህን የሚመክር ሁሉ አይሰማ። በነጭ ጋዝ የቀጠነ ዘይት ብረትን ከብረት አይለይም፤ ኩሽኔታውንም በጥቂት ጊዜ ያቃጥለዋል።

በማግስቱ ማለዳ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሁላችንም በደጁ ቆመን ነበር፤ ልጅቱ ሳትቀር ብርድ ልብስ ተከናንባ ወጥታለች። ወይዘሮዋ ሞተሩን አስነሡ፤ ፍሪሲዮኑን ረገጡ፤ ዐይናቸውን ጨፍነው ማርሹን ገፉት። ገባ። አወጡትና ደግመው አስገቡት። «ጥቂት ያዝ ያደርጋል» አሉ። አዛውንቱም ይህ ከተበላው ቀለበት የመጣ እንደ ሆነ ገልጸው ሁለት ነገር መከሩ። አንደኛ ማርሽ እንቢ ባለ ጊዜ ሳይገፉ በመጀመሪያ ሁለተኛን ነክቶ መመለስ ነው፤ የሁለተኛው ቀለበት የሚሽከረከረውን ዘንግ ያዘገየዋልና አንደኛው ይገባል። ሁለተኛውም፥ ከቤት እንደ ወጡ ባለው ጥቂት ኪሎ ሜትር ማርሹን በዝግታ መለወጥ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ በደጅ ረጅም ጊዜ ማቆም ለሞተሩ ውሃ እንጂ ለካምቢዮው ዘይት ብዙ ሙቀት አይሰጥም፤ ነዳጅ ግን ይበላል።

ወሬው ከግቢ ወደ ግቢ ሳያልፍ አልቀረም፤ ቅዳሜ ዕለት አንድ ኬንያዊ ጎረቤት አውቶማቲክ መኪናቸውን ይዘው መጡ፤ ማለዳ ከፒ አልነቃነቅ ትላለች አሉ። በናይሮቢ ብዙ ሰው የሚነዳው አውቶማቲክ ስለ ሆነ ይህንም ባጭሩ እንናገር። አውቶማቲክ ማርሽ ፍሬን ካልተረገጠ ከፒ እንዳይወጣ የኤሌክትሪክ መቈለፊያ አለው። መቈለፊያው ፍሬን መረገጡን የሚያውቀው የኋላውን የፍሬን መብራት ከምታበራው ትንሽ ማብሪያ ነው። ስለዚህ ማርሹ አልወጣ ሲል አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬኑ መብራት መብራቱን ይይ፤ ካልበራ ጥፋቱ ርካሽ ነው። የጎረቤታችን መብራት ግን በራ። አዛውንቱም የማርሹን ዙሪያ በእጃቸው ዳስሰው ጣታቸውን አሸተቱና «ሻይ» አሉ። ኬንያውያን ሻያቸውን በወተትና በብዙ ስኳር አፍልተው ይጠጣሉ፤ ሰውየውም በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ እየጠጡ ከማርሹ ሥር ማፍሰሳቸውን አመኑ። ስኳሩ በብርድ እንደ ሙጫ ይጠነክራል፤ ቀን በሙቀት ይለሰልሳል። ክዳኑ ተነሥቶ፥ በለብታ ውሃ በራሰ ጨርቅ ተጠርጎ፥ ተነቅሎ ደረቀ፤ ነገሩም በዚያ አበቃ። ሰውየው መኪናቸውን በዳገት ሲያቆሙ አስቀድመው የእጅ ፍሬን እንዲስቡ፥ ከዚያም ወደ ፒ እንዲያስገቡ ተነገራቸው። አለዚያ የመኪናው ክብደት በሙሉ በካምቢዮው ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ጥርስ ላይ ስለሚያርፍ ማለዳ ማርሹ የሚወጣው በግድ ነው፤ ይህንም ብዙ ሰው በብርድ ያሳብባል።

ስለ ወይዘሮዋ መኪና ያልተናገርነው አንድ ነገር ቀርቷል። ወፍራሙ ዘይት በወጣ በሦስተኛው ቀን ፉጨቱ ተመለሰ። በአራተኛ ማርሽ ቀጭን ሆኖ፥ እንደ ሩቅ ዋሽንት ይሰማል። አዛውንቱ ከጎናቸው ተቀምጠው እስከ ኸርሊንግሃም ድረስ ሲያዳምጡ ሄዱ፤ የአንዱ ዘንግ ኩሽኔታ ማርጀቱንም ነገሯቸው። ይህ አንድ ቀን ካምቢዮው ተፈትቶ መታደስ ያለበት ነው፤ ዘይት አያድነውም።

«ስንት ጊዜ ይቈየኛል አባባ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ድምፁን እየሰማሽ ንጂ። እንደ አሁኑ ቀጭን ሆኖ ሳለ ትሠሪበታለሽ። ወደ ማጓራት ሲለወጥ፥ ወይም በሌሎቹ ማርሾች ላይ ሲሰማ፥ ያን ቀን አቁሚያት። ለኩሽኔታው ብቻ ከፍለሽ ታሳድሻለሽ እንጂ ሙሉ ካምቢዮ አትግዢ።»

የልጅቱ የትምህርት ክፍያ በዚያው ሳምንት ተከፈለ። ወይዘሮዋም ከእንጀራው ገንዘብ በየቅዳሜው ጥቂት እያነሡ ለኩሽኔታው የሚያስቀምጡባት አንዲት የቡና ጣሳ ከምድጃው በላይ ሰቅለዋል። እኛ ናይሮቢን በተሰናበትንበት ማለዳ ወደ አውሮፕላን ጣቢያ ያደረሱን በዚያችው ኮሮላ ነው። ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር፤ ፉጨቱ እንዲሰማቸውም ራዲዮናቸውን አጥፍተው ይነዱ ነበር።